የጋሽ ንጋቱ ግራ ጉንጭ

የጋሽ ንጋቱን ማረፍ የሰማሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልባቸው ነው አሉ፤ ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ አልተነሱም። ቦሌ አራብሳ፣ በኮንዶሚኒየሞቹ መሐል የተተከለው ድንኳን ስደርስ ሰው ጢም ብሏል። መግቢያው ላይ ሟቹ ይወዱት ስለነበር ባለቤታቸው የመረጡት ፎቶ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል፤ ጋሽ ንጋቱ ጎናቸውን ሰጥተው፣ ቀኝ ጉንጫቸው ብቻ እየታየ፣ ፈገግ ብለዋል።

ከኋላዬ ሁለት ትራፊክ ፖሊሶች የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ገቡ። አንደኛው ፎቶውን አየና ቆመ። ጓደኛውን በክንዱ ነካ አደረገው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣

«ወንድም፣ ይቅርታ፤ የማን ለቅሶ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«የጋሽ ንጋቱ፤ የሹፌሩ።»

«እሱማ እኛም ለእሳቸው ነው የመጣነው። ይሄ ፎቶ ግን... የልጃቸው ነው? ልጃቸውም ሞቷል እንዴ?»

«ልጅ የላቸውም። ራሳቸው ናቸው።»

ሁለቱም ፎቶውን ደግመው አዩት። «ኧረ ባክህ!» አለ ሁለተኛው፤ «እኛ የምናውቃቸው አባባ ሌላ ናቸው።»

ሳቄ መጣ። ለቅሶ ቤት ሳቅ ሲመጣ የሚደረገው አንገት ደፍቶ መዋጥ ነው። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያዩ አንዲት እናት ስቅስቅ ብዬ የማለቅስ መስሏቸው «አይዞህ ልጄ፤ የሁላችንም መንገድ ነው» እያሉ ጀርባዬን ደባበሱኝ። ጋሽ ንጋቱ ይህን ቢያዩ ኖሮ ለአንድ ወር የሚበቃ ወሬ ያገኙ ነበር።

ትራፊኮቹ ግን አልተሳሳቱም።

ጋሽ ንጋቱ የመሥሪያ ቤታችን የሰርቪስ ሹፌር ነበሩ። እኛ የሕንፃ ዕቃ አስመጪዎች ነን፤ ቢሯችን ወሎ ሰፈር ነው። ጋሽ ንጋቱ በአሮጌዋ ሚኒባስ ከቦሌ አራብሳ ተነስተው፣ ሰሚት ላይ ሰው እየለቀሙ፣ በገርጂ አድርገው ያደርሱናል፤ ማታም እንደዚያው ይመልሱናል። ሹፌር የሚቀመጠው በግራ ስለሆነ እኛ ተሳፋሪዎቹ ከዓመት ዓመት የምናየው ቀኝ ፊታቸውን ነበር። ትራፊክ ፖሊስ ደግሞ የሚመጣው በሹፌሩ መስኮት ነው። እናም እኛም ትራፊኮቹም የምናውቀው የየራሳችንን ጋሽ ንጋቱ ነበር።

ቀኝ ፊታቸው አርባ ዓመት የዘለለ አይመስልም። ጠየም ያለ፣ ለስላሳ፣ እንዲያውም ትንሽ መልከ መልካም። ግራው ግን የታላቅ ወንድማቸው ነው ቢባል ማንም አይከራከርም፤ ጠቁሮ እንደ አሮጌ ቆዳ ጫማ የተጨማደደ፣ ከዓይናቸው ጥግ እስከ አገጫቸው በጥልቅ መስመር የታረሰ፣ እዚህም እዚያም ጥቋቁር ነጥብ ጣል ጣል ያለበት። የዓይናቸው ቆብ እንኳ በግራ በኩል ዝቅ ይላል። ወጣትነታቸውን የጨረሱት በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ከባድ መኪና ሲነዱ፣ በአፋር በረሃ ግራ ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አሳርፈው፣ ግራ ጉንጫቸውን ለፀሐይ ሰጥተው። ከተማ ሲገቡ ደግሞ ፀሐዩ ላይ ጭስ ተጨመረ። የሚኒባሷ የሹፌር መስኮት ማዞሪያው ተሰብሮ ግማሽ ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ የቦሌ መንገድ ጭስ ሁሉ የሚገባው በእሳቸው ጉንጭ ላይ እያለፈ ነው።

እኔ ነገሩን ያወቅሁት ከተቀጠርኩ ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ነው። አንድ ቀን ማታ አምሽቼ ስለምሠራ እንዳይጠብቁኝ ልነግራቸው ወጣሁ። መኪናዋ ከአንድ ጋራዥ አጥር ጥግ ቆማለች። በሹፌሩ በኩል ስደርስ አንድ ሽማግሌ መሪው ላይ ደገፍ ብለዋል።

«አባባ፣ ጋሽ ንጋቱ የት ሄደው ነው?»

ሽማግሌው ቀና እንኳ ሳይሉ «በዚያኛው በኩል ዙርና ፈልጋቸው» አሉኝ።

ዞርኩ። የጋቢናውን በር ስከፍት ጋሽ ንጋቱ ቁጭ ብለዋል።

«እንዴ! አሁን እዚህ የነበሩት ሽማግሌ የት ገቡ?»

«አሁን ወጡ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ምን ልንገርልህ?»

መልእክቴን ነግሬ፣ አመስግኜ ሄድኩ። ነገሩ የገባኝ የቢሮውን ደረጃ ስወጣ ነው። ተመልሼ በመስኮት ብቅ ስል መሪውን እየደበደቡ ይስቃሉ።

«ቀኜን እግዜር ሠራው፤ ግራዬን መንገድ» አሉኝ ሳቁ ሲበርድላቸው። «እግዜር ጎበዝ ነው። መንገድ ግን እጁ ከባድ ነው።»

ግራቸውን ለሥራ ይጠቀሙበት ነበር፤ እውነቱን መናገር ካለብኝ ያለ ኀፍረት። የትራፊክ ፊሽካ ሲሰሙ ዳር ይይዛሉ፤ ጉንጫቸውን ወደ ብርሃኑ ገፋ ያደርጉና ድምፃቸውን ያጎረንናሉ። «ጤና ይስጥልኝ ልጄ፤ እናትህ ደህና ናቸው?» ትራፊኩ ለቁጣ የከፈተውን አፍ ይዘጋል። «አባባ፣ ሁለተኛ እዚህ ጋ እንዳይታጠፉ፤ በሉ ይሂዱ» ይላል። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ በመስታወት እያዩን «የመንገድ ጡረታዬ ይቺው ናት» ይሉናል።

ጭሱን ግን አይወዱትም ነበር። ከፊታችን አንድ ጭነት መኪና ጥቁሩን መልቀቅ ሲጀምር «ዝጉ መስኮት! ኩል መጣ!» ብለው ይጮሃሉ። እኛ እንዘጋለን፤ የእሳቸው አይዘጋም። አራብሳ ስንደርስ ጉንጫቸውን በነጭ ሶፍት ይጠርጉና ያወጡትን ጥቁረት ለሁላችንም ያሳዩናል። «ዛሬ ገርጂ በለጠች» ይላሉ፤ ወይም «ሰሚት ዛሬ አራት ኮከብ ናት።»

ሁሉም ነገር በቀልድ ይታለፍ ነበር፤ እትዬ ሙሉ ጋቢና ባይቀመጡ ኖሮ።

እትዬ ሙሉ የዕቃ ግምጃ ቤታችን ኃላፊ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ቤታቸውም እዚያው አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ሞላ ያሉ፣ ረጋ ብለው የሚራመዱ፣ «ፈርም!» ካሉ ሥራ አስኪያጁ እንኳ ሳያነብ የሚፈርምላቸው ሴት ናቸው። ጋቢና የሳቸው ነው፤ ማንም አይነካውም። ጋሽ ንጋቱ በቀኝ በኩል ምን ዓይነት ሽቶ እንደሚቀቡ፣ በቀኝ በኩል ጢማቸውን እንዴት አጥርተው እንደሚላጩ ያየን ሁላችን ነገሩ ቀድሞ ገብቶናል። ያልገባን፣ ግራቸውን ለመደበቅ ምን ያህል እንደሚደክሙ ነበር።

ለዓመት በዓል ግብዣ ሆቴል ስንጠራ ማንም ሳይመጣ ቀድመው ገብተው ከግድግዳው ጥግ ወንበር ይይዛሉ፤ ግራቸው ለግድግዳው፣ ቀኛቸው ለእትዬ ሙሉ። በእግር ሲሄዱ ሁልጊዜ እትዬ ሙሉን በቀኛቸው ያደርጋሉ። አንድ ቀን ለምሳ ስንወጣ ወሎ ሰፈር መንገዱ ለቧንቧ ተቆፍሯል። ጋሽ ንጋቱ የሚሄዱት በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ነው።

«ጋሽ ንጋቱ፣ ኧረ በዚህ በኩል ይምጡ! እዚያ ጉድጓድ ነው» አሉ እትዬ ሙሉ።

«ግድ የለም ወይዘሮ ሙሉ፤ ለምጄ...»

ሳይጨርሱ ወረዱ። እስከ ወገባቸው አፈር ውስጥ ቆመው እንኳ ቀና ብለው ያዩዋቸው በቀኝ ጉንጫቸው ነው። እጃቸውን ስቤ ሳወጣቸው ጆሮዬ ውስጥ «ግራዬን አየችው?» አሉኝ። ስለ እግራቸው አልጠየቁም።

በማግስቱ ለብቻዬ ያዙኝ። «ሄኖክ፣ አንተ ኢንተርኔት ታያለህ። ጎማ ሲበላ የግራውን ወደ ቀኝ እናዞረዋለን፣ እኩል እንዲበላ። ለፊት እንዲህ ያለ ነገር የለም?»

«የቆዳ ሐኪም ለምን አያዩም?»

«ለሽብሽብ ሐኪም ቤት የሄደ ወንድ አይቼ አላውቅም። ወረፋ ላይ የማውቀው ሰው ቢያገኘኝ ምን ልለው ነው?»

ሐኪም ቤት ያፈሩት ሰውዬ ከቢሯችን ጀርባ ያለ የመዋቢያ ሱቅ ገቡ። ባለሱቋ ከየቱቦው ትንሽ ትንሽ ጨምቃ፣ በጣቷ አማስላ፣ ወርቃማ ክዳን ባላት ነጭ ብልቃጥ አደረገችላቸው። ስም የለውም። ምን እንዳለበት አልተጻፈም። «በሁለት ሳምንት ልጅ ይሆናሉ» አለቻቸው።

ሆኑም! ክፋቱ ይሄ ነው። ግራ ጉንጫቸው ፈካ፤ ሽብሽቡ ተነፍቶ የጠፋ መሰለ። ግራው ቀኙን ስላስከነዳ «አሁን ደግሞ ቀኜ ሽማግሌ ሆነ» እያሉ ግራ ተጋቡ። በዚያው ሰሞን ሰሚት ላይ ፊሽካ ተነፋና እንደ ልማዳቸው ዳር ይዘው፣ ጉንጫቸውን ሰጥተው፣ «ጤና ይስጥልኝ ልጄ» አሉ።

«የምን ልጄ ነው? መንጃ ፈቃድ አምጣ!» አለ ትራፊኩ።

ተቀጡ። ወደኋላ ዞረው ሲያዩን ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት እስካሁን ይታየኛል። «ሰማችሁት?» አሉን። «አንተ አለኝ!»

ደስታቸው ግን አልቆየም። መጋቢት ገባ፤ ፀሐዩ በረታ፤ መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ አቧራው ከጭሱ ጋር ተዋሐደ። አንድ ጠዋት ጋሽ ንጋቱ ፊታቸውን ከአገጭ እስከ አናት በፎጣ ጠምጥመው መጡ። ዓይናቸውና የአፍንጫቸው ጫፍ ብቻ ይታያል።

«ምን ሆኑ?» አልናቸው።

«ጥርሴ ነው።»

እትዬ ሙሉ አዘኑ። በማግስቱ ቅርንፉድ በወረቀት ጠቅልለው አመጡላቸው። በሦስተኛውም ቀን አመጡ። ጋሽ ንጋቱ ምንም በማያማቸው ጥርስ ቅርንፉድ እያኘኩ ይነዳሉ፤ መኪናዋ ውስጥ ሁሉ ወጥ ወጥ ይሸታል። ፎጣው ግን አልተፈታም። እንዲያውም ከፎጣው በታች አንገታቸው ላይ የተላጠ ነገር ማየት ጀመርኩ። ስጠይቃቸው «ዝም በል፤ ያልፋል» አሉኝ። እንዳላለፈ ግን ዓይናቸው ይናገራል፤ እንቅልፍ አጥተዋል።

ያ ሁሉ የፈነዳው በሐያት ምክንያት ነው። ሐያት የእንግዳ መቀበያችን ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ቁጥብ፤ ሰርጓ ደርሶ ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ሰሚት ስንቃረብ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ሐያት ከኋላ ወንበር ከቦርሳዋ አንድ ነገር አውጥታ ጉንጯን መቀባባት ጀመረች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለቻት አጠገቧ የነበረችው።

«ለሰርጌ ነው፤ ከቢሮ ጀርባ ካለችው ሱቅ። ስታፈካ ብታዪ! ከሰኞ ጀምሬ ነው።»

ጋሽ ንጋቱ በመስታወት ሲያዩ አየኋቸው። ወርቃማውን ክዳን አዩ። መኪናዋን ወደ ዳር አወጡ፤ ሞተር አጠፉ፤ ወረዱ። በፊት ለፊት ዞረው መጥተው የኛን በር ብርግድ አድርገው ከፈቱና ፊት ለፊታችን ቆሙ። እንዲህ ፊት ለፊት ቆመው ያየናቸው ቀን የለም።

«ሐያት፣ ልጄ፤ ያቺን ብልቃጥ አሳዪኝ።»

ግራ ገብቷት ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም።

«ስም አላት?»

«የላትም ጋሼ። ምነው?»

ጋሽ ንጋቱ ወደ ጋቢናው አዩ። እትዬ ሙሉ ዞረው ይመለከቷቸዋል። ለአፍታ እጃቸው ፎጣው ላይ ቀረ፤ የሚመለሱ መሰለኝ። ከዚያ ፈቱት።

አንዷ ጮኸች። ግራ ጉንጫቸው ከፊሉ ነጥቷል፣ ከፊሉ ከሰል መስሏል፤ መሐሉ ተልጦ ቀልቷል፤ ዙሪያው በብጉር ተወርሯል። እብጠቱ እስከ ጆሮ ግንዳቸው ደርሷል።

«ይሄ ጥርስ አይደለም» አሉ። «ይሄ እሷ ናት። አልዋሽሽም፤ መጀመሪያ ታሳምራለች። እኔንም አሳምራኝ ነበር። ከዚያ ፀሐይ ሲያገኝሽ ትከዳሻለች። እኔ የመንገድ ሰው ነኝ፤ የተበላ ፊት ነው ይዤ የነበረው። አንቺ ግን...» ብልቃጧን በጣታቸው ጠቆሙ። «አንቺ ግን ምን ጎደለሽና ነው?»

ሐያት ብልቃጧን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። እኔ ያን ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ይህን ጉንጭ ለመደበቅ ጉድጓድ ገብቷል፤ አሁን ግን በገዛ እጁ፣ በሚፈራት ሴት ፊት ገለጠው። ደፋር ሰው ሲባል ከዚያ ቀን ጀምሮ ትዝ የሚሉኝ ጋሽ ንጋቱ ናቸው።

የጋቢናው በር ተከፈተ። እትዬ ሙሉ ወርደው፣ ረጋ ብለው መጥተው፣ ፊት ለፊታቸው ቆሙ። ጉንጫቸውን ከላይ እስከ ታች መረመሩት፤ እንደሚረከቡት ዕቃ።

«ጥርሴ ነው ብለህ አይደል ቅርንፉድ ስታስመጣኝ የከረምከው?» አሉ።

ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን። «አንተ» አሏቸው! እስከዚያ ቀን ሁለቱ ከ«እርስዎ» ወርደው አያውቁም።

«ይቅርታ ወይዘሮ ሙሉ» አሉ ጋሽ ንጋቱ መሬት መሬት እያዩ፤ «ግራዬን እንዳያዩብኝ ብዬ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው።»

«ግራህን? የኔ ወጥ ቤት መስኮት ወዴት የሚያይ ይመስልሃል? በየማለዳው መኪናህን ስታጥብ ከላይ ሆኜ የማየው ግራህን ነው። እንዲያውም እኔ የማላምነው ቀኝህን ነው፤ ወሬኛ ይመስላል።»

ከዚህ በኋላ ሳቅና ለቅሶው ተደባለቀ። ትራፊክ ፖሊስ ደረሰ። «እዚህ ማቆም...» ብሎ ጀመረና የጋሽ ንጋቱን ፊት ሲያይ ክው አለ። «በስመ አብ! አባባ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገዎት?»

«መዋቢያ» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

ትራፊኩ ምን እንደሰማ አላውቅም፤ ግን ፊሽካውን ነፍቶ ሁለቱንም መስመር አስቁሞ አሳለፈን። እትዬ ሙሉ «ቢሮ አንሄድም፤ ወደ ቆዳ ሐኪም ንዳ» አሉ። ነዱ። ክሊኒኩ ስንደርስ የሰርቪሱ ሰው ሁሉ ተከትሎ ገባ፤ የመጠበቂያው ወንበር አልበቃንም። ካርድ የምታወጣው ልጅ ቀና ብላ «ታማሚው የትኛው ነው?» ስትል ጋሽ ንጋቱ «የመጣንበት መንገድ ነው» አሏት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እኔ፣ እትዬ ሙሉና ሐያት አብረን ገባን። ብልቃጧን ከፍታ አሸተተችና ዘጋቻት።

«ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም። የሸጠችልዎትም የምታውቅ አይመስለኝም። እንዲህ የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይቀባ ኃይለኛ መድኃኒት ነው፤ ቆዳውን ያሳሳዋል። የሳሳ ቆዳ ፀሐይን አይችልም። ሲያቆሙት መጀመሪያ ይብስብዎታል፤ ደንግጠው ወደ ብልቃጧ እንዳይመለሱ፤ ወደ እኔ ይምጡ።» ሐያትን አየቻት። «አንቺ በጊዜ ደርሰሻል።»

«በፊትስ?» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «ከብልቃጧ በፊት ግራዬ ብቻ ለምን አረጀ? ከባዱን መኪና ስነዳ እኮ መስታወት የምዘጋበት ጊዜ ነበር።»

«መስታወት የሚያቃጥለውን የፀሐይ ጨረር ያስቀርልዎታል፤ የሚያስረጀው ግን ሰርጎ ያልፋል።»

«እኛ ደግሞ ጥቁር ነን፤ ፀሐይ ምን ታደርገናለች?»

«ጥቁረትዎ ጥሩ ጃንጥላ ነው» አለች ሐኪሟ። «ግን ዕድሜ ልክዎን ዝናብ ላይ ቢቆሙ ጃንጥላም ያፈሳል። ጭሱም አለ፤ ዓይን የማያየው ብናኝ ቆዳው ላይ ይለጠፋል። ከፀሐዩ ጋር ሲተባበር ነው ማድያቱም ሽብሽቡም የሚመጣው። ማታ ሲገቡ በምን ይታጠባሉ?»

«በሳሙና።»

«በምን ሳሙና?»

ጋሽ ንጋቱ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«በመኪናው ሳሙና ነው» አሉ እትዬ ሙሉ። «በመስኮት አይቼዋለሁ። በዚያው ስፖንጅ።»

«መኪናዋ እኮ አልተሸበሸበችም» አሉ ጋሽ ንጋቱ፤ ሐኪሟም ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

የታዘዘላቸውን ነገር ሁሉ እንደ ሃይማኖት ያዙት። ሰፊ ባርኔጣ ገዙ። የፀሐይ መከላከያውን ክሬም እጅግ አብዝተው ስለሚቀቡት ፊታቸው ሊጥ የነካው ይመስላል፤ የአራብሳ ልጆች «ጋሽ ዱቄት» የሚል ስም አወጡላቸው። ግራ ክንዳቸው ላይ የሴት ካልሲ ጫፉን ቆርጠው እንደ እጅጌ አጠለቁ። እትዬ ሙሉ ደግሞ ስንት ዘመን «በጀት የለም» የተባለለትን የመስኮት ማዞሪያ በአንድ ቀን ከግምጃ ቤት አስወጥተው አስገጠሙ። እውነትም መጀመሪያ ባሰባቸው፤ አንድ ሁለት ሳምንት ሥራ ቀሩ። የሄደውን ሽብሽብ ደግሞ ማንም አልከለከለውም፤ ቀስ ብሎ ተመልሶ መጣ። ለመዳን ወራት ፈጀባቸው፤ ጉንጫቸው ላይ የቀረው ጥቁር ጠባሳም እስከ መጨረሻው አልለቀቀም።

ያም ሆኖ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በምሳ ሰዓት ከመዋቢያ ሱቋ በር ላይ ይቆሙና ለሚገባው ሁሉ ጉንጫቸውን ያሳያሉ። አይናገሩም፤ ዝም ብለው ጉንጭ ማዞር ነው። ባለሱቋ መጀመሪያ ሰደበቻቸው። ከዚያ ለመነቻቸው። በመጨረሻ ብልቃጦቿን ከመደርደሪያ አንስታ ሳሙናና የፀጉር ቅባት ብቻ መሸጥ ጀመረች፤ ጋሽ ንጋቱም የመጀመሪያ ደንበኛ ሆነው ደህና የፊት ሳሙና ከእሷ ገዙ። ሐያትም ፊቷን አላህ እንደሰጣት አድርጋ ተዳረች፤ ሰርጓ ላይ ጋሽ ንጋቱ በዚያ ዕድሜያቸው ጨፍረው ወንበር ሰበሩ።

እትዬ ሙሉን ግን እንደፈሩ ቀሩ። «አንተ» ተብለዋል፤ እሳቸው ግን «ወይዘሮ ሙሉ» ከማለት አልወጡም። ሽማግሌ እንድንልክ ብንለምናቸው «ፊቴ ይዳን» ይላሉ። ፊታቸው ሲድን «በጋው ይለፍ» አሉ። በጋው አለፈ። ሰርቪሱ ሁሉ ተስፋ ቆረጠ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከሥራ ስንመለስ፣ ገርጂ ላይ መንገዱ ጥርቅም አለ። ከፊት ያለው አይንቀሳቀስም፤ ከኋላ ያለው ጡሩምባ ይነፋል፤ በመሐል እኛ። ሙቀቱ ያፍናል። ድንገት ጋሽ ንጋቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ሙሉ» አሉ።

«ወይዘሮ» የለም። ከኋላ አንዱ ይሰማው የነበረውን ሬዲዮ አጠፋ።

«አቤት» አሉ እትዬ ሙሉ መንገዱን እያዩ።

«እኔ እንግዲህ ይሄው ነኝ። ደህናውንም ያልሆነውንም አይተሽዋል። ቤቴ አንድ ክፍል ናት። ማንኮራፋት አለብኝ። ብታገቢኝ ደስ ይለኛል።»

እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «መንገዱ ይለቀቅና እነግርሃለሁ» አሉ።

እንዲህ ያለ ጭንቅ አይቼ አላውቅም። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ከፊት የቆመውን አውቶቡስ እናያለን። ሐያት ከኋላ ወንበር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርጋለች። በመጨረሻ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ ከፊታችን ሰፊ ቦታ ተከፈተ።

ጋሽ ንጋቱ አልነዱም።

«ተለቀቀ እኮ፤ ንዳ እንጂ!» አሉ እትዬ ሙሉ።

«መልሱን ሳልሰማ ወዴት ነው የምነዳው?»

ከኋላችን ያለው የጡሩምባ ጩኸት ሰማይ ነካ። አንድ ጎልማሳ ከመኪናው ወርዶ ክንዱን እየወዘወዘ መጣና በመስኮት ጮኸ፤ «ሰውዬ፣ እብድ ነህ? መንገዱን ዘግተህ ምን ትሠራለህ?»

«ሽምግልና ላይ ነን!» አለች ሐያት ከኋላ።

ሰውዬው ጋሽ ንጋቱን አየ፤ እትዬ ሙሉን አየ፤ እስትንፋሳችንን የያዝነውን ሁላችንን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ ምን አሉ?» አለ።

«እሺ ብያለሁ!» አሉ እትዬ ሙሉ ፊታቸውን በነጠላቸው እየሸፈኑ። «ሰው ሁሉ እስኪሰበሰብ ነው የምትጠብቀው? እሺ ብያለሁ፣ ንዳ!»

እልልታው መኪናዋን ሊገለብጣት ነበር። ሰውዬው እየሳቀ ሮጦ ወደ መኪናው ተመለሰ፤ ጋሽ ንጋቱ ማርሽ ሲያስገቡ እሱ ከኋላ በሰርግ ምት ጡሩምባውን ይነፋ ጀመር። ከእሱ ኋላ ያሉት፣ ምን እንደተፈጠረ የማያውቁት፣ ሰርግ መስሏቸው ተቀበሉት። እስከ ሰሚት ድረስ እንዲሁ እየነፉ ሸኙን።